«እስኪ እርስ በርስ ተዋወቁ»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ሲነበብልን ቆይተን፣ ዓይናችን ፈዞ ወገባችን ደርቆ፣ የዙም ስብሰባው በቃ አለቀ ስንል አስተባባሪዋ ፈገግ ትልና «አሁን የኔትወርኪንግ ጊዜ ነው!» ትላለች። እሺም እንቢም ሳንል አራት አራት ሆነን ወደ ብሬክአውት ሩም እንበተናለን። የተሰጠን አምስት ደቂቃ ነው።

ኧረ አምስት ደቂቃ ለምኑ ይበቃል? አንደኛው ካሜራውን ዘግቷል፤ በስሙ ፈንታ የስልኩ ሞዴል ተጽፏል። አንዲት ሴትዮ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው የለም፤ «ሚውት ላይ ነዎት» እንላለን፣ ማን ይሰማናል። ሦስተኛው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ከእሱ ይልቅ የምንሰማው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» የሚለውን ረዳት ነው። በዚህ ላይ የኛ ይሉኝታ ይጨመራል። «እርስዎ ይጀምሩ።» «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።» ሁለት ደቂቃ በመገባበዝ ያልቃል። አንዱ እንደ ምንም ደፍሮ «እኔ እንግዲህ የምሠራው...» ሲል የ60 ሰከንድ ቆጠራው ይጀምርና ወሬውን ካፉ ነጥቆ ሁላችንንም ወደ ዋናው ክፍል ይመልሰናል። «እንዴት ነበር?» እንባላለን። «በጣም አሪፍ!» ብለን ቻት ላይ እንዋሻለን።

አዳራሽ ውስጥ እኮ ተዋወቁ ብሎ ያዘዘን አልነበረም። ሻይ ሰዓት ላይ ለሳምቡሳ ተሰልፈን «የት ነው የማውቅህ?» ይባላል፤ በሰፈር ይሁን በትምህርት ቤት፣ ካልሆነም በአጎት ልጅ በኩል መተዋወቂያው ይገኛል፤ ሥራ የሚወራው ከዚያ ወዲያ ነው። ያን ሁሉ ንግግር የምንታገሠው ለዚያች ሻይ ስንል ነበር። አሁን ሻይዋን አስቀርተው ንግግሩን አተረፉልን።

የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ለንደን የተመሠረተው ሆፒን የማይተዋወቁ ተሳታፊዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ በቪዲዮ የሚያገናኝ፣ ሰዓቱ ሲሞላ የሚለያይ መድረክ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 7.75 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለለት። በ2023 ግን የዝግጅት መድረኩ ለሪንግሴንትራል የተሸጠው ከ50 ሚሊዮን በማይበልጥ ዋጋ ነው። ሰዉ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ነበራ።

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባማ ሌላ ፈተና ነው። ግብዣው «ቅዳሜ በ3 ሰዓት» ይላል። የማን 3? የአዲስ አበባ ነው የዋሽንግተን? አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ይሆናል፤ ግማሹ ሰው ሲገባ ግማሹ ይወጣል። እዚያስ መተዋወቅ አያስፈልግም፣ እንተዋወቃለን። ነገር ግን በነጻው ዙም 40 ደቂቃ ውስጥ 30ው «ልጆች ደህና ናቸው? እማማስ?» ነው። ይህን እንኳ አልጠላውም።

የሚያበግነኝ ለዚያ ለኔትወርኪንጉ ስብሰባ ስንመዘገብ የሞላነው ቅጽ ነው። ስም፣ ሙያ፣ መሥሪያ ቤት፣ ከተማ፣ ፆታና ዕድሜ ሳይቀር ጠይቀውናል። የፈቀደውን ሰው ስምና ሙያ ቀድመው በቴሌግራም ቢልኩልን እኮ ማንን እንደምንፈልግ እናውቅ ነበር! እነሱ ግን መጨረሻ ላይ «ስልካችሁን ቻት ላይ አስቀምጡ» ይላሉ። ያ ሁሉ ሰው ቁጥሩን ይደረድራል፤ ገልብጠን ሳንጨርስ «እናመሰግናለን» ተብሎ ስብሰባው ይዘጋል፣ ቻቱም አብሮ ይሄዳል። ዝርዝሩን በኢሜይል እንልካለን ብለዋል። እስካሁን የመጣው የእርካታ መጠይቅ ብቻ ነው።