ሃና፣ ዱል፣ ሴት

ኮሪያዎች ሰዓት ሲናገሩ ለምን ሁለት ዓይነት ቁጥር እንደሚቀላቅሉ የሚያስረዳኝ ሰው ከተገኘ ቡና እጋብዛለሁ፤ ከነቁርሱ።

አጀማመሩ ደህና ነበር። ከእህቴ ልጅ ጋር የኮሪያ ድራማ ሳይ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ ማሳደድ ሰለቸኝና ቋንቋውን ልልመድ አልኩ። «አንኞንግ ሃሴዮ» አላስቸገረኝም። «ካምሳሃምኒዳ»ም ትንሽ ይረዝማል እንጂ ይወጣል። ቁጥሩም ሲጀመር ወዳጅ ይመስላል፦ ሃና፣ ዱል፣ ሴት። ጎረቤታችን ሐና ስሟ በኮሪያ «አንድ» ማለት መሆኑን ከሰማች ወዲህ አካሄዷ ተቀይሯል።

በማግሥቱ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ ገንዘብ ሲሆን እኮ ኢል፣ ኢ፣ ሳም ነው የሚባለው» አለችኝ። ለካ አንዱ ቁጥር የራሳቸው፣ ሌላው ከቻይና የመጣ ነው። ዕቃ በራሳቸው ይቆጠራል፤ ዋጋና ቀን በቻይናው። እሺ፣ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች በዚህ አንፈርድም። ሰዓት ላይ ሲደርሱ ግን ሰዓቱን በራሳቸው ቆጥረው ደቂቃውን በቻይናው ይጨርሳሉ!

እስቲ አስቡት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው እንበል። ስንት ሰዓት ነው ብሎ የጠየቀኝ ኮሪያዊ ነው። መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ልመልሰው፤ ከስድስት ሰዓት ስላለፈ ይቀነሳል፣ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ይደመር ነበር። ሁለት ወጣ። ሁለት «ዱል» ነው፤ «ሰዓት» ሲከተለው ግን ጭራውን ጥሎ «ዱ» ይሆናል። ቀጥሎ ቁጥሬን ልቀይርና ሃያን «ሁለት ዐሥር» ብዬ ልጥራ፦ «ዱ ሺ ኢሺፕ ቡን»። ይህን ብዬ ቀና ስል ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል።

በዚህ ስብሰለሰል ነው ሌላ ነገር ያየሁት። ኮሪያ በሰዓት አቆጣጠር ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛና የፈረንጁ ሰዓትም ልዩነታቸው ያው ስድስት ነው። ስለዚህ እዚህ በሀበሻ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሲሆን እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት የሚያሳየውም ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው፤ እነሱ ዘንድ መሸ እንጂ። ክረምት ከበጋ እንደዚሁ ነው። እኔ መሀል ላይ ፈረንጅ አስቀምጬ ስደምር ስቀንስ ልቤ ሊጠፋ!

እዚህ ላይ ነው የምር የተናደድኩት። ፈረንጁ የተቀመጠው ሰዓቱ ላይ ብቻ አይደለማ። ያገኘሁት ማስተማሪያ ሁሉ የኮሪያን ድምፅ በላቲን ፊደል ጽፎ ነው የሚያቀርብልኝ። አንዷን አናባቢ «ከንፈርህን ሳታሞጠሙጥ ኡ በል» ብሎ መስተዋት ፊት ያቆመኛል። ይቺ እኮ የኛው ሳድስ ናት! ማንም ሕፃን «እ» ብሎ ይገላገላታል። የዋና ከተማቸው የመጀመሪያዋ ድምፅም ከኛ ግዕዝ «ሰ» እምብዛም አትርቅም፤ «ሰኡል» ብለን መሄድ ስንችል ላቲኑን ተከትለን ከተማቸውን ሲኦል ልናስገባ ምንም አልቀረን። የየራሳቸው ፊደል ያላቸው ሁለት ሕዝቦች በሦስተኛ ሰው ፊደል ካልሆነ አንተዋወቅም ማለታቸው ምን የሚሉት ድርቅና ነው? ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ተጨንቆ ፊደል የፈጠረው ሰው በገዛ አፉ እንዲጽፍ ብሎ ነበር።

ደግሞ ባዳ አይደለንም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1951 ፑሳን ሲወርዱ መቼም የስልክ ማስተማሪያ አልያዙም። ቹንቾን በምትባለው ከተማ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዘማቾቹ የቆመውን ሐውልት ሊመርቁ ሄደው ነበር፤ በዚያው ዓመት የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የተሰኘ ቡና ቤትም እስካሁን ይሠራል። እዚያ ሄጄ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ብጠይቅ ደስ ይለኛል። መልሱን መስማቱ ነው ችግሩ።

ለነገሩ አሁን ከቁጥሩ ወጥቼ ስንብት ላይ ነኝ። ለሚሄድ ሰው «አንኞንጊ ጋሴዮ»፣ ለሚቀር «አንኞንጊ ጌሴዮ» ይባላል፤ ልዩነታቸው የአንዲት ራብዕና ኃምስ ነው። ሁለቱም የሚሄዱ ከሆነ ሁለቱም «ጋሴዮ» ይባባላሉ። እስከዚህ ገብቶኛል። የኛ ቤት እንግዳስ? በቃ ልሂድ ብሎ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ በሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ይኸው አሁን ደግሞ የቤት ኪራይ ነገር አንሥቷል።