ከብረት በክብር መገላገያ ዘዴ

ስፖርት ቤት ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ብረት መግፋቱን ሲተው የሚያቀርበው ሰበብ ሊኖረው ይገባል። ‹‹ሥራ በዛብኝ›› ማለት ተሰልችቷል፤ ‹‹ጉልበቴን አመመኝ›› ካሉ ደግሞ ‹‹እስቲ ሐኪም ይየው›› የሚል አይጠፋም። ዘር ግን ክርክር የለበትም፤ ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ማን ይከራከራል? ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሹራብዎን እጅጌ ሳይሰበስቡ፣ ሜትሩን ላላ አድርገው ክንድዎን ይለኩ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት፣ ከሦስት ቀን ሁለቱን እየቀሩ፣ ያችኑ አምስት ኪሎ ዳምቤል ያንሱ። በሃያ አንደኛው ቀን እጅጌዎን ሰብስበው፣ ክንድዎን ዘርግተው፣ ሜትሩን ሥጋ እስኪቆነጥጥ ያጥብቁት። ክንድዎ ከስቶ ያገኙታል። ፍርዱ ተሰጥቷል፤ አባትዎም ቀጭን ነበሩ።

ማስረጃ የሚጠይቅ ካለ ሞልቷል፤ የሚገርመው እውነተኛ ማስረጃ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 585 ወንዶችና ሴቶች ብዙ የማይሠሩበትን እጃቸውን ለ12 ሳምንት በክብደት አሠለጠኑ። የአንዱ ክንድ ጡንቻ 59 በመቶ ሲጨምር የሌላው 2 በመቶ ቀነሰ። ሲያወሩ 2 በመቶው ላይ ያቁሙ፤ አማካዩ 19 በመቶ ገደማ መሆኑን የሚያነሳ ሰው ወሬ አበላሽ ነው። በሌላ ጥናት ደግሞ እግራቸውን ለ16 ሳምንት ካሠሩ 66 ሰዎች የ17ቱ የጡንቻ ክር ምንም ሳይወፍር፣ የሌሎች 17ቱ ከግማሽ በላይ ወፈረ። ክሩ ሲያድግ ተጨማሪ ኒውክለስ ይሻል፤ ያንን የሚያዋጡት ከጎኑ ተለጥፈው የሚጠባበቁ ሴሎች ናቸው፤ አብልጠው ያደጉትም ሰዎች እነዚህ ሴሎች ከመነሻው በርከት ያሉላቸው ነበሩ። ይሄ ሁሉ ለእርስዎ መልካም ነው። ብቻ ‹‹አንተ ከየትኞቹ እንደሆንክ በምን አወቅህ?›› የሚል ነገረኛ አይግጠምዎ። ሁለቱም ጥናቶች ማን እንደሚያድግ ያወቁት ሰዎቹን ለወራት በአግባቡ አሠርተው ነው። እርስዎ በሦስት ሳምንት ጨርሰዋል።

ነገረኛው ካልለቀቀዎ ምራቅዎን ለምርመራ ይላኩ። ኤሲቲኤን 3 የተባለው ዘረ መል ለፈጣን የጡንቻ ክሮች የሚሠራው ፕሮቲን ከአውሮፓውያን 18 በመቶ ገደማ፣ ከኢትዮጵያውያንም ከአስር አንድ ያህሉ የላቸውም። ዕድል ቀንቶዎ ከሌለዎት ወረቀቱን ያስቀርጹት፤ አንድ ዘረ መል ብቻውን በሰዎች መካከል ካለው የጉልበት ልዩነት የሚያስረዳው ጥቂት በመቶ እንደሆነ ግን ከጀርባው አይጻፉ። ‹‹የጡንቻ መጠን ልዩነት ሰፊው ድርሻ የዘር ነው›› የሚል ሲያነቡም ‹‹የክንዴ ሰፊ ድርሻ ተወስኗል›› ብለው ይፍቱት። አባባሉ የሚናገረው ሰው ከሰው ስለሚለይበት ነገር እንጂ ስለ አንድ ሰው ክንድ አይደለም፤ ግን ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ወዳጅ ከየት ይመጣል?

አሠልጣኙ በበኩሉ ‹‹ዘር ተረት ነው፣ ሁሉም በላብ ነው›› ቢል አይከፉ። እሱም ተሳስቷል፤ ስህተቱ ደግሞ ይጠቅምዎታል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሰውዬ ጋር ያወዳድርዎታልና። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሙከራ ለ10 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን እየተወጉ ብረት ያልነኩ ወንዶች፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ እየተወጉ ብረት ከገፉት የበለጠ ጡንቻ ጨምረዋል። እንግዲህ የሰውዬው ደረት ምን ያህሉ ከእናቱ፣ ምን ያህሉ ከብልቃጥ እንደመጣ ሳይጠይቁ ‹‹ተፈጥሮ ነው›› ይበሉና ይለፉ።

ጉልበትዎን ግን ፈጽሞ እንዳይለኩ። እነዚያው 585 ሰዎች በአንድ ጊዜ ማንሳት የሚችሉት ክብደት በአማካይ 54 በመቶ ጨምሯል፤ አምስት ኪሎዋ ዳምቤል የቀለለችዎ ዕለት ሰበቡ ይፈርሳል። ሜትሩን አይጣሉት፤ ለሚቀጥለው ምዝገባ ይፈለጋል።