ረዳት የሌለው አውቶቡስ

ውጭ አገር የከረመ ዘመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ለሚወጣ ሰው የመንገድ ምክር ሲሰጥ ምንጊዜም «ቀላል ነው» ብሎ ይጀምራል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጣ ምልክቱን ትከተላለህ፣ ከማሽኑ ትኬት ትቆርጣለህ፣ ሰማያዊው መስመር ላይ ትሳፈራለህ፣ ሰባተኛው ጣቢያ ላይ ወርደህ ወደ ቀዩ ትቀይራለህ፣ ከዚያ አውቶቡስ ቁጥር ምንትስን ይዘህ ከች ነው። ተናጋሪው ራሱ በመጣ ሰሞን ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ የባቡሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ተቀምጦ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን አያወሳም። ምክሩን እንደ ምክር ካዩት ክፋት የለውም። የሚያናድደው ያዘለው ፍርድ ነው። ነገሩ ቀላል ከሆነና ሰውየው ከጠፋ፣ ጥፋቱ የሰውየው ነው ማለት ነዋ! አርሲ ድረስ የሚዘልቀው ሐሜት የሚነሳው ከዚህ ነው፤ የእገሌ ልጅ ባቡር መሳፈር አቅቶት ብርድ ላይ ቆሞ ዋለ ይባላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። የፈረንጅ አገር የሕዝብ ትራንስፖርት የረዳቱን ሥራ ከረዳቱ ወስዶ ለተሳፋሪው አሸክሞታል፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ሲሳሳት ደግሞ ከቅጣት ጋር። እንግዳው ያቃተው ሥራ ሲጀመር የእሱ ሥራ አልነበረም።

ማስረጃዬ አሰላ መናኸሪያ ነው። ገና ከበሩ ሳይገቡ መድረሻዎን የሚጠይቅዎት ሰው አይጠፋም። በቆጂ ነው? ሳጉሬ? ኢተያ? አዳማ? ከተሳፋሪው የሚጠበቀው እውቀት የሚሄድበትን ቦታ ስም ማወቅ ብቻ ነው፤ የቀረውን ረዳቱ ያውቅለታል። የትኛው መኪና እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወጣ (ሲሞላ ነው)፣ ሒሳቡ ስንት እንደሆነ፣ ጆንያው ላይ ይጫን ወይስ ከወንበር ሥር ይግባ፣ እማማ ከየትኛው ወንበር ቢቀመጡ ንፋሱ እንደማያገኛቸው፣ ሁሉንም። ቁሉምሳን አለፍ ብዬ ከዛፏ ጋ እወርዳለሁ ያለ ሰው ከዛፏ ጋ ይወርዳል። እንቅልፍ ቢወስደው ይቀሰቀሳል። ረዳቱ ቢዘነጋ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህለታል። ፊደል ያልቆጠረ የሳጉሬ ገበሬ ያለ ካርታና ያለ ሰሌዳ አሰላ ደርሶ፣ አዳማ ወርዶ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ማንም «ጎበዝ ነህ» አይለውም፤ ጉብዝና የሚጠይቅ ነገር አልተደረገምና። ይህ ሥርዓት ምንም ለማያውቅ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ደግሞ በርሊንን እንይ። በርሊን ለአርሲ ሰው ባዕድ ከተማ አይደለችም። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2007 እና በ2008 የሰበረው እዚያ ነው (ዓመቱን በፈረንጆቹ የምቆጥረው ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ ነው)፤ በሁለተኛው ጊዜ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቷል። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም በ2019 እዚያው ሮጦ ክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ ብቻ አመለጠው። ሁለቱም ከተማዋን በእግራቸው ስላቋረጧት የዚያን ዕለት ከምድር ባቡሯ ጋር አልተነካኩም። በባቡሯ የሚሄድ እንግዳ ግን እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል። ጣቢያው መዝጊያ የለውም፤ ማንም ዘው ብሎ ይገባል። ትኬት ቆራጭ የለም፤ ማሽን አለ። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ትኬቱን በጁ ይዞ፣ ቀልቡን ሰብስቦ ይቀመጣል። ጥቂት እንደሄዱ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ጃኬት የለበሰ ሰው ብድግ ይልና ተቆጣጣሪ ሆኖ ይገኛል። ትኬት? ይኸው። ማኅተሙስ? የምን ማኅተም? ለካ መሳፈሪያው ላይ የቆመችው ትንሽ ሣጥን ትኬቱ ላይ ቀንና ሰዓት የምትመታ ኖራለች! ከፍሎ ያላስመታ ሰው ጭራሽ ካልከፈለ ሰው ጋር እኩል ነው፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ። አሰላ ላይ ሒሳብ የከፈለን ሰው ድጋሚ ሒሳብ የጠየቀ ረዳት ቢኖር መኪናው ሙሉ ምስክር አለ። እዚያ ምስክሩ ማሽን ነው፤ የሚመሰክረውም በእንግዳው ላይ ነው።

ለንደን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ መክፈል የፈለገ ሰው መክፈል አይችልም። የከተማዋ አውቶቡሶች ከ2014 ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የአገሩን ብር ዘርግቶ የቆመ ሰው ካርድ ከሌለው መንገዱን በእግሩ ይቀጥላል። የዋሽንግተን ምድር ባቡር ደግሞ ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለመውጣትም ካርድ ይጠይቃል። ዱባይ ላይ ረዳቱ ቀርቶ ሹፌሩም የለም። ባቡሩ በ2009 ሥራ ከጀመረ አንስቶ የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው፤ ከአርሲ የገብስ ቆሎ ቋጥሮ የሄደ ሰው ውስጡ ሆኖ ቢቆረጥም ቅጣቱ 100 ድርሃም ነው።

እዚህ ላይ ስዊድንን ማንሳት ግድ ነው። አሰላ ውስጥ የፈረንጅ ወሬ ያለ ስዊድን አይሟላም። ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ በ1967 ተቋቁሞ መቀመጫውን አሰላ አደረገ፤ የማዳበሪያውና የምርጥ ዘሩ ታሪክ ለአገሩ ሰው አዲስ አይደለም። ብዙ የማይወራው፣ በዚያው ዓመት ስዊድኖች በገዛ መንገዳቸው ላይ እንግዳ መሆናቸው ነው። እስከዚያ ድረስ በግራ ይነዱ ነበር። በ1955 ሕዝቡ ወደ ቀኝ እንቀይር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከመቶው 83 ያህሉ «በግራችን ተዉን» ብሎ ድምፅ ሰጠ። መንግሥት የሕዝቡን ድምፅ በአክብሮት ሰምቶ፣ ጥቂት ዓመታት ታግሦ፣ ወደ ቀኝ እንዲቀየር ወሰነ። (እንዲህ ያለው መስማት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።) ከዚያ ማስተማር ተጀመረ። ለዓመታት መግለጫ ታተመ፣ ዘፈን ተዘፈነ፣ ምልክቱ የወተት ካርቶን ላይ ወጣ፤ አልበቃ ብሎ የውስጥ ሱሪ ላይ ታተመ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967፣ በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1959፣ እሑድ ንጋት ላይ መንገድ የወጣው መኪና ሁሉ ቆመ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ 11 ሰዓት ሲሆን ጉዞውን ቀጠለ። በራቸው በግራ የነበረ በሺህ የሚቆጠሩ አውቶቡሶች በቀኝ በኩል በር ተከፈተላቸው።

ኢትዮጵያ ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው በ1964 ነው፤ ከስዊድን 3 ዓመት ቀድማ። ስለዚህ በካዱ መጀመሪያ ሰሞን አሰላ የገባ ስዊድናዊ በቀኝ መንዳት ላይ ከአሰላ ሹፌር ጋር ልምድ ቢቆጣጠሩ አንጋፋው የእኛው ሰው ነበር። «ቀላል ነው» የማለት ሙሉ መብት የነበረን ያኔ ነው፤ ሳንጠቀምበት አለፈ። ወደ ቁምነገሩ ስመለስ፣ የስዊድን መንግሥት የገዛ ዜጋው ለአንዲት እሑድ እንግዳ እንዳይሆንበት እስከ ውስጥ ሱሪ ድረስ ወርዶ አስተማረ። አለማወቅ ሞኝነት አለመሆኑን ያውቃሉ ማለት ነው። ይህን እውቀት የሚረሱት እንግዳው አንድ ብቻውን፣ ከሩቅ፣ ሻንጣ እየጎተተ ሲመጣ ነው።

ሲፈልጉማ ረዳቱንም ይመልሱታል። የቦስተን ማራቶን የሚጀመረው ከከተማዋ ውጭ ሆፕኪንተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችበት ውድድር ማለት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ሯጭ በማለዳ ከቦስተን ተነስቶ በቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ይጫንና ወደ ሆፕኪንተን ይወሰዳል፤ ከዚያ የመጣበትን 42 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይመለሳል። (ለአርሲ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ መመለስህ ካልቀረ ለምን ሄድክ?) የዚያን ቀን ግን በጎ ፈቃደኞች ከአውቶቡሶቹ አጠገብ ቆመው ሰልፉን ያስተናግዳሉ፣ በእጅ ያመላክታሉ፣ ያስገባሉ። ይህ ሁሉ ሰው በሰዓቱ መድረስ ሲኖርበት የሚታመነው ማሽን አይደለም። በሌላው ቀን፣ ለሌላው እንግዳ፣ ሰሌዳ ይበቃዋል።

«ስልክ የለም ወይ?» የሚሉኝ አይጠፉም። አለ። ስልኩ ግን ሲም ካርድ ይፈልጋል፣ ሲም ካርዱ ክፍያ ይፈልጋል፣ ክፍያው ባሕር ማዶ የሚሠራ የባንክ ካርድ ይፈልጋል፤ ቴሌብር ደግሞ በርሊን አልደረሰም። የአውሮፕላን ማረፊያው ነፃ ኢንተርኔት ከበሩ አልፎ አይሸኝም። ቢሠራም እንኳ ስልኩ «ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሂዱ» ይላል፤ ጭላሎ በሌለበት ከተማ ሰሜን ምሥራቅ በየት በኩል ነው? ሌሎች ደግሞ የእኛን ጉድ ይቆጥሩልኛል፤ ትርፍ ጭነቱን፣ በበዓል ሰሞን የሚሰቀለውን ሒሳብ፣ የማይመለሰውን መልስ፣ መኪናው እስኪሞላ የሚባክነውን ግማሽ ቀን፣ ከሁሉም በላይ አደጋውን። አንዱንም አልክድም። ረዳት ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም፤ ሦስት ሰው ብቻ ይዞ «ወጣን፣ ወጣን» የሚል ረዳት እየዋሸ ነው። ግን ዓይንን አይቶ የሚዋሽ ሰው ላይ መቆጣት ይቻላል፣ ይከራከሩታል፣ ብሎም ወርደው ሌላ መኪና ይይዛሉ። ትኬት ማሽን ጋር ተጣልቶ የረታ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «በሳምንት ይለመዳል» የሚለው ነው። ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ከአርሲ ወጥተው ዓረብ አገር የገቡት ወጣት ሴቶች ምኑን ይልመዱት? የእኛው መንግሥት በፈረንጆቹ 2013 የሥራ ጉዞውን አገደ፣ በ2018 መልሶ ፈቀደ፤ ታግዶም ተፈቅዶም ልጆቹ ይሄዳሉ። ካፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ልጅ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ተወስዳ ቤት ትገባለች። ስንቷ ናት ፓስፖርቷ በሌላ ሰው መሳቢያ ተቆልፎባት፣ ያለ ፈቃድ ከደጅ ሳትወጣ፣ ዓመታት የቆጠረችው? ሹፌር አልባው ባቡር ከመስኮቷ ማዶ ያልፋል፤ እሷ ግን ጣቢያ ለመሳሳት እንኳ አልታደለችም። አገሩን ሁሉ በባቡር ያካለለ ሰው ሲመለስ፣ እሷ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ እኩል «ውጭ አገር የነበረ» እንላቸዋለን። እሷን ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ኖረሽ ከተማውን አታውቂውም?» ብለን እንስቅባታለን። ይህ ሳቅ ነውር ነው። ነውሩም የፈረንጅ አይደለም፣ የዓረብም አይደለም፤ የእኛው ነው።

እንዲህ ስል የሰው አገር ባቡር ይፍረስ እያልኩ አይደለም። የሚያስቀናም ነገር አላቸው። በ2017 ጃፓን ውስጥ አንድ ባቡር ከተመደበለት ጊዜ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሳቱ ኩባንያው ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። መዘግየቱ አይደለም፤ መቅደሙ ነው። አሰላ መናኸሪያ ላይ ሳይሞላ የወጣ መኪና ቢኖር ይቅርታ የሚጠይቅ ሳይሆን ምን ነካው ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚበዛው። ሁለቱን ማዋሐድ፣ ማለትም ሰዓት የሚያከብር ባቡርና «እማማ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» የሚል ረዳት በአንድ ላይ ማግኘት፣ ይቻል ይሆን? ገንዘቡን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ወግ ነው።

ለነገሩ ግማሹን መንገድ ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ውስጥ መስኮት ይዞ መቀመጥ ምን ይጠቅማል? ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጡ ግን ወንበር መምረጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በግራ የተቀመጠ ጭላሎን ያያል። በቀኝ የተቀመጠ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅን ሊያገኝ ይችላል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ጋቢና ከተገኘ ግራ ቀኙም ስለሚታይ ክርክሩ አያስፈልግም፤ ጋቢና የፈለገ ሰው ታዲያ ረዳቱን ትቶ ሹፌሩን ቀደም ብሎ ያናግር።