ኮከብ ቆጣሪዎቹ

ቢራ ይጠጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም ካለ ዴንቨር ይሂድና ይማር። እዚያ በሚደረገው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ላይ ቢራ አይጠጣም፤ ይመረመራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይፈረድበታል። በፈረንጆቹ 1982 ሲጀመር ሰው ይመጣ የነበረው ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራ የተለየ ነገር ልቅመስ ብሎ ነበር። ኋላ ቀርነታቸው! ኪሳቸው ውስጥ ስልክ እንኳ አልነበረም።

የዛሬው ቀማሽ ሥርዓት ያውቃል። በአንድ ጊዜ የሚቀዳለት አንድ አውንስ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በሾርባ ማንኪያ ቢሰፈር ሁለት ማንኪያ። ይህችን ተቀብሎ ወደ መብራቱ ያነሣል። ያሽከረክራል። አፍንጫውን ይደቅንባታል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል፤ የመጀመሪያው ስለደበዘዘ ይደግማል፤ የጠማቂው ዓርማ እንዲገባለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይሠልሳል። በዚህ መሀል አረፋው እድሜውን ጨርሶ ያርፋል። ይሄኔ ቀማሹ በትዝብት ዐይን አየት አድርጎ «አረፋው አይበረክትም» ብሎ ይጽፍና ሩብ ኮከብ ይቀንሳል።

ሩብ ኮከብ ቀልድ አይደለም። በ2010 የተወለደው አንታፕድ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ከአምስት የሚሰጠውን ኮከብ በሩብ በሩብ እንድንሸነሽን ፈቅዶልናል። በ3.75 እና በ4 መካከል ያለውን ልዩነት ከሁለት ማንኪያ ለይቶ የሚያውቅ ምላስ በከንቱ እየባከነ ነው፤ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ስንቱን ጭቅጭቅ በገላገለን። ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ ምላሱ እየደነዘዘ በሄደ ቁጥር ፍርዱ እየረቀቀ መምጣቱ ነው። ሲጀምር «ጥሩ ነው» ብቻ ያለ ሰው፣ መዝጊያው ላይ ለመቆም የጓደኛ ትከሻ ሲያስፈልገው የደረቀ ኮክ፣ የሲጋራ ሳጥንና ዝናብ የመታው ድንጋይ ይቀምሳል። አንገቱ ላይ ፕሬዝል ከሚባለው ጨዋማ ደረቅ ብስኩት በክር የተሰካ ሐብል አንጠልጥሏል። ምላስ ማጽጃ ነው ይላል። ፊቱ ላይ ያለው ጨው ግን እራት እንዳደረገው በቂ ማስረጃ ነው።

በዚህ ችሎት ቀጭኑ ላገር ቢራ ተስፋ የለውም። በሁለት ማንኪያ ጮሆ የሚሰማው የቦርቦን ውስኪ በርሜል ውስጥ የከረመ፣ ቡናና ቸኮሌት የተጨመረበት፣ አልኮሉ 12 በመቶን ያለፈ ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ነው። ቀማሹን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጠጣ ቢሉት እግሬ አውጪኝ ይላል። ግድ የለም፤ ማን ሊጠጣው? ኮከቡን እንደሆነ ወስዷል። ከጎኑ የቆመው፣ ከፖም ጭማቂ ብቻ የተጠመቀው ሳይደር ደግሞ «ፖም ፖም ይላል» ተብሎ በ2.5 ይሸኛል።

በ2012 ዊንኩፕ የተባለው የዴንቨር ጠማቂ የበሬ ቆለጥ የገባበት ስታውት ሠርቻለሁ ብሎ በኤፕሪል 1፣ በፈረንጆቹ የማሞኛ ቀን፣ ቀለደ። ጠጪው ግን የት ይገኛል ብሎ ወጥሮ ያዘው። ጠማቂው ምን ያድርግ? በዚያው ዓመት 11 ኪሎ ያህል ቆለጥ ከትፎና ጠብሶ የምሩን ጠመቀና ለፌስቲቫሉ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ በቢራ ማላገጥ ከባድ ሥራ ሆኗል፤ ያላገጥህበት ነገር በዓመቱ ኮከብ ደርድሮ ይመጣብሃል።

ፌስቲቫሉ የራሱ ዳኞችም አሉት። ምስኪኖች! የጠማቂው ስም ተደብቆባቸው፣ ቢራውን በየዓይነቱ ለይተው፣ እየተመካከሩ ነው የሚፈርዱት። የእኛ ቀማሽ ስሙንም፣ ዝናውንም፣ ሌላው ሰው የሰጠውንም ኮከብ አስቀድሞ አይቶ ነው የሚቀምሰው። ፍርዱን ያወቀ ዳኛ ምስክር መስማት ምን ያደክመዋል? በድሮው ግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው መርዝ ቢኖርበት ቀድሞ ሊሞት ነበር። የዛሬውን ቀማሽ የሚያሰጋው የስልኩ ባትሪ ነው።

ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ሀበሻ የሞላባቸው ከተሞች ናቸውና የእኛም ልጆች መሠልጠናቸው አይቀርም። በቀማሾቹ ዓለም የፈረስ ላብ የጠጣ ጨርቅ ይሸታል ማለት ስድብ አይደለም፤ ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ለገባበት ቢራ የሚሰጥ ምስጋና ሊሆን ይችላል። ሆምጣጣው ደግሞ ራሱን የቻለ ማዕረግ አለው። እንዲህ የተማረ ልጅ ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ ጠላ ቤት ቢቀመጥ ጉዱን አስቡት። ጠላው ሆምጥጧል፤ እማማ አፍረዋል።

«ይሄ እንኳ አልፎበታል ልጄ፣ ቆይ ከአዲሱ ልቅዳልህ።»

«ኧረ እማማ፣ እንዳይነኩት! ዴንቨር ቢሆን እጥፍ ይከፈልበት ነበር። 4.25 ሰጥቼዎታለሁ።»

«ሂሳቡን ነው ልጄ? ዝርዝር እኮ የለኝም።»