ዳሽን ዛሬም እጅ ሰጠ

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ራስ ዳሽን ሰሞኑንም ተሸንፏል። 4,550 ሜትር ሙሉ ተገትሮ ባነር ይዞ ለመጣ ሁሉ እጅ መስጠት ነው ሥራው። እኛ አሶሳዎች 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብለን፣ ማንጎአችንን እየመጠጥን የአሸናፊዎቹን ቪዲዮ እያየን እንቀናለን።

ድሉ እንዴት እንደሚገኝ ለማያውቅ ልንገረው። ደባርቅ ላይ በቅሎ ይከራያል። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ሽንኩርቱ፣ ሃይላንዱ፣ ስፒከሩ ሳይቀር ይጫንባታል። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ ይመራል፤ አብሳዩ ቀድሞ ሄዶ ሾርባ ይጥዳል፤ በቅሎ ነጂው በኮንጎ ጫማው ከኋላ ይከተላል። ድል አድራጊው ሁለት የብረት ዘንግ ጨብጦ መሐል ይገባል። የእሱ ድርሻ መተንፈስ ብቻ ነው፤ ቧሂት ላይ ሲደርስ እሱም ያቅተዋል። ጫፉ ላይ ባነሩን ዘርግቶ የሚሰጠውም፣ ፎቶ የሚያነሳውም ያው በቅሎ ነጂው ነው። አንሺ በመሆኑ ፎቶው ውስጥ የለም። ፎቶው ውስጥ ከሌለ ደግሞ አልወጣም ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ ወግ አለው። በ1841 እ.ኤ.አ. ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ዳሽንን «ለመጀመሪያ ጊዜ» ወጡ ተብሎ ተጽፎላቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የስሜን እረኛ ፍየሎቹን ከታች ሆኖ ሲጣራ ኖሮ መሆን አለበት።

የእኛም ክልል ቢሆን ተራራ አላጣም። መተከል፣ ዳንጉር ወረዳ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ በላያ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ያቀኑት ወደዚያው ነው። ጣልያንን ለማስወጣት በተደረገው በዚያ ዘመቻ ስንቅና ጥይት የተሸከሙ ግመሎች በሺዎች አልቀዋል። ጃንሆይ ግን ጣልያንን እንጂ በላያን አሸነፍኩ አላሉም። መካሪ አጥተው ነው።

የጉሙዝ እናትም እንደዚሁ መካሪ የላትም። ዘንጓን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ባንዱ ጫፍ እንጨት፣ በሌላው ውሃ አንጠልጥላ፣ ልጇን አዝላ ዳገቱን ትወጣዋለች። ይህ ሃይኪንግ አይባልም። ለሃይኪንግ ዘንጉ ሁለት መሆን አለበት፤ የእሷ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም ዕቃ ተንጠልጥሎበታል።

በላያንም መጥታችሁ ልታሸንፉት ካሰባችሁ፣ በቅሎ መኖሩን እንጃ። ዘንግ ግን አለ፤ ቀርከሃ ሞልቶናል።