ዋጋው በውስጥ መስመር

የሚኒባስ ረዳትን የሚያህል የማስታወቂያ ሊቅ አዲስ አበባ አልወለደችም። ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል፤ አለቀ። ሜክሲኮ የሚሄድ ይገባል፣ የማይሄድ ይቀራል። «በመዲናችን ግንባር ቀደም የሆነው ታክሲያችን ለውድ ተሳፋሪዎቹ ያለውን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጸ» ሲል የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። እንዲያ ቢልማ ኖሮ፣ ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሳይደርስ ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ሰዉን ጠቅልሎ ይሄድ ነበር።

ይኸው ረዳት ነገ ቀንቶት አምስት ሚኒባስ ቢገዛ፣ ድርጅት ቢያቋቁም፣ ማኅተም ቢያስቀርጽና ትዊተር ላይ ገጽ ቢከፍት ግን «ሜክሲኮ» የምትለዋን ቃል ዳግመኛ አንሰማትም። ስለ ራእዩ፣ ስለ ተልእኮውና ስለ እሴቶቹ ይጽፍልናል እንጂ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። ትዊተር ያልኩት በልማድ ነው፤ ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው በኋላ በቀጣዩ ዓመት ስሙን ኤክስ ብሎታል። እኛ ግን ሰፈሩን ሁሉ በቀድሞ ስሙ ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነንና ይቅር ይበለን።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ቦታው ለአጭር ንግግር የተሠራ መሆኑ ነው። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር አንድ መልእክት ከ140 ፊደል እንዳያልፍ የተወሰነው በሞባይል የጽሑፍ መልእክት ልክ ነው፤ የሞባይሉ 160 ፊደል ስለሚይዝ፣ ሃያው ለላኪው ስም ተተወ። በ2017 መገባደጃ ላይ ገደቡ ወደ 280 ከፍ ሲል እኛ ከድግሱ አልደረሰንም። ቆጣሪው የግዕዝን ፊደል አንዱን እንደ ሁለት ስለሚቆጥረው፣ ልዩ ክፍያ ያልከፈለ የአማርኛ ጸሐፊ ዛሬም ያለችው ያችው 140 ናት። ግፍ ነው እንዳንል፣ አንዷ ፊደላችን ለፈረንጅ ሁለት ፊደል የሚፈጀውን ድምፅ ብቻዋን ትሸከማለች። ነገሩን በአጭሩ ለሚናገር ሰው 140 ፊደል ይተርፋል።

ለድርጅት ግን አይበቃም። «ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ለክቡራን ደንበኞቹ ጥራቱን የጠበቀና ቀልጣፋ አገልግሎት በመስጠት የሚታወቅ ሲሆን» እስኪል ድረስ ግማሹ አልቋል። ድርጅቱ የሚሸጠው ጫማ ይሁን የመድን ዋስትና ገና አልታወቀም። የቀረው ግማሽ ደግሞ «ይህንኑ አጠናክሮ እንደሚቀጥል» ይገልጽበታል።

የሀገራችን ድርጅት ትዊተር ላይ መቼ ብቅ ይላል ብትሉኝ የቀን መቁጠሪያ አንሡ እላለሁ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ መውሊድ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ፋሲካ፣ ኢድ። በነዚህ ቀናት ባንኩም፣ ሲሚንቶ አከፋፋዩም፣ የጥርስ ክሊኒኩም ያንኑ አደይ አበባ፣ ያንኑ ችቦ፣ ያንኑ ፋኖስ ይለጥፋሉ። አርማውን በእጃችሁ ጋርዳችሁ የማን እንደሆነ ከለያችሁ ነቢይ ናችሁ። ከበዓል እስከ በዓል ያለው ጊዜ ጾም ነው።

ጾሙን የሚያስፈስክ አንድ ነገር ቢኖር ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ሪባን ሲቆርጡ፣ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ የምስክር ወረቀት ሲሰጡ፣ የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ። ከሥር ላይክ ያደረጉት ጥቂት ሰዎች ሁሉም ደመወዛቸው ከዚያው ቤት ነው። ያላደረገውም ሠራተኛ ሳይታወቅ ቀርቶ አይምሰላችሁ።

ገጹን የሚይዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የባለቤቱ የእኅት ልጅ ነው። «ኮምፒውተር ይችላል» ተብሎ ሥራው ተሰጠው፤ ደመወዝ የለውም፣ የሞባይል ካርድ ግን አልፎ አልፎ ይሞላለታል። ኤግዚቢሽን ሲቃረብ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባልና፣ በአንድ ሌሊት ስድስት ወር ያልተጻፈው ሁሉ ይጻፋል። አንድ ቀን ልጁ ዲቪ ይደርሰዋል። የይለፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል፤ ገጹም የዛሬ አራት ዓመት በተጻፈ የፋሲካ መልካም ምኞት ላይ ቆሞ ይቀራል። ድርጅቱ ግን የገጹን አድራሻ ዛሬም ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳትመዋል።

እንግዲህ ተሳክቶለት ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ የለጠፈ ነጋዴ አገኘን እንበል። ሶፋ ነው፤ ያምራል። አንዲት ሴት ከሥሩ «ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች። መልስ፦ «ሰላም እኅታችን፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» በውስጥ መስመር ትገባለች።

«ሰላም፣ ምን እንርዳዎ?»

«የሶፋውን ዋጋ።»

«የትኛውን ሶፋ ፈልገው ነው?»

«የለጠፋችሁትን።»

«ስልክ ቁጥርዎን ይላኩልን።»

ትልካለች። ይደወላል። «እመቤቴ፣ ዋጋውን በአካል መጥተው ቢነጋገሩ ይሻላል።» የት? «ቦሌ።» ቦሌ የት? «ቦሌ ሲደርሱ ይደውሉልን።»

ባንክ ሲዘረፍ እንኳ ይህን ያህል ምስጢር አይጠበቅም። ነጋዴዎቹን ብትጠይቁ ምክንያት አያጡም፦ ተፎካካሪ ያያል፣ የዶላር ምንዛሪ ይለዋወጣል፣ ገቢዎች ያነባል፣ ደግሞም ደንበኛውን አይቶ መገመት አለ። የመጨረሻዋ ናት እውነተኛዋ። የመርካቶ ነጋዴ ግን መከራከሪያ እንዲሆን ብሎም ቢሆን አንድ ቁጥር ይጠራል፤ እናንተም ግማሹን ትሉታላችሁ፤ ትሥቃላችሁ፤ ትስማማላችሁ። የትዊተሩ ነጋዴ መከራከሪያውንም ደብቆ ነው ገዢ የጠፋበት።

ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ሽልማት ይመጣል። «ገጻችንን ፎሎው፣ ይህን ፖስት ሼር፣ ሦስት ጓደኞችዎን ታግ ያድርጉ፤ ለአንድ ዕድለኛ የ100 ብር ካርድ!» ሺህ ሰው ይግተለተላል። ባለቤቱ «ገበያችን ደራ» ብሎ ደስ ይለዋል። ካርዱ በወጣ ማግስት ሺሁ ሰው ወደሚቀጥለው ካርድ ተሻግሯል፤ ሶፋው ካለበት አልተነቃነቀም።

ትዊተር ላይ መደናበር የእኛ ብቻ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑ፤ ፈረንጆቹ በትልቁ ታመውበታል። በጃንዋሪ 2012 ማክዶናልድስ ገንዘብ ከፍሎ አንድ ሃሽታግ ትዊተር ላይ አስወጣ፤ ሰዎች ከምግብ ቤቱ ጋር ያላቸውን ጣፋጭ ትዝታ እንዲያወጉበት። ሰዎቹም አወጉ፤ ሆዳቸውን ያመማቸውን፣ ሳህናቸው ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ዘረዘሩ። ኩባንያው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ማስታወቂያውን አነሣ፤ ወሬው ግን አልተነሣም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለውን ተረት የሚያስተምራቸው ሰው አልነበራቸውም።

ከዚያ በፊት በ2009 ሃቢታት የተባለው የእንግሊዝ የቤት ዕቃ ሻጭ፣ የኢራን ሕዝብ በምርጫ ውጤት ተቆጥቶ አደባባይ በወጣበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ የሚከታተላቸውን የኢራን ሃሽታጎች በገዛ ማስታወቂያው ላይ ለጠፈ። ሰዎቹ የቴህራንን ወሬ ሲፈልጉ የሱቅ ማስታወቂያ አገኙ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የእኛው ትዊተር ደግሞ ከጥንትም የፖለቲካ ሰፈር ነው፤ አዲስ አበባ ያለውም፣ ዋሽንግተን ያለውም፣ ለንደን ያለውም ሃሽታጉን ይዞ ሌሊት የሚፋጅበት። እዚያ መሐል «ምንጣፍ በቅናሽ» ይዞ የሚገባ ነጋዴ፣ የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ ምንጣፉን አያነጥፍም። ዕቃ ሻጩ አብዛኛው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የከተመው ያለ ነገር አይደለም።

ብልሃተኛ መሆን የሚያምራቸው ደግሞ አሉ። በፌብሩዋሪ 2013 የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ የስታዲየሙ መብራት ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠፋ። ኦሪዮ ብስኩት ወዲያው «በጨለማም ይነከራል» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወቂያ ትዊተር ላይ ለጠፈ፤ ዓለም አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት «እኛስ?» ይላል። ያላዩት ነገር፣ ኦሪዮ ጽሑፍ የሚጽፈውንም፣ ሥዕል የሚሠራውንም፣ «ይሁን» የሚለውንም ኃላፊ ለዚያ ምሽት ብሎ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ እንደነበረ ነው። እኛ ዘንድ ጽሑፉ ከሕዝብ ግንኙነት ወደ ማርኬቲንግ፣ ከማርኬቲንግ ወደ ሕግ ክፍል፣ ከዚያም ለፊርማ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይወጣል፤ እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። ተፈርሞ ሲወርድ መብራቱ መጥቷል። ደግሞስ መብራት ጠፋ ብሎ ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት በዚህች ከተማ ሌላ ሥራ መቼ ሊሠራ ነው?

እምነትን በገንዘብ ለመግዛት የሚሞክሩም አሉ። በኖቬምበር 2022 የማረጋገጫዋ ሰማያዊ ምልክት በወር በ8 ዶላር መሸጥ ስትጀምር፣ አንድ ቀልደኛ በመድኃኒት አምራቹ ኢላይ ሊሊ ስም ገጽ ከፍቶ፣ ምልክቷን ገዝቶ፣ «ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ነው» ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ኩባንያ ወጥቶ አስተባበለ፤ በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ወረደ። እኛም ጋ አሜሪካ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፍሎለት ምልክቷን የለጠፈ ነጋዴ አይጠፋም። በባንኮች ስም የሚከፈቱ ሐሰተኛ ገጾችም ሞልተዋል፤ ባንኮቹም «ተጠንቀቁ» ይላሉ። ደንበኛው ግን እንዴት ይለይ? ሐሰተኛው ገጽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ምን ልርዳዎ?» ይላል፤ እውነተኛው ለፋሲካ ነው የሚመጣው።

የተጠቀመበት የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ። በ2008 መገባደጃ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮጊ የተባለ የምግብ መኪና ሥራ ጀመረ፤ የኮሪያን ጥብስ በሜክሲኮ ታኮ ጠቅልሎ የሚሸጥ። ቋሚ ቦታ አልነበረውም። ትዊተር ላይ የሚጽፈው ዛሬ ማታ በስንት ሰዓት የትኛው ጎዳና ላይ እንደሚቆም ነው፤ መኪናው ሳይደርስ ሰልፉ ይደርስ ነበር። የእኛ ረዳት ባሕር ተሻግሮ፣ «ሜክሲኮ!» እያለ። ኮምፒውተር አምራቹ ዴልም ተመላሽና የታደሱ ኮምፒውተሮቹን በዚያው ያስተዋውቅ ጀመር፤ በ2009 አጋማሽ ከትዊተር የመጣለት ሽያጭ 3 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ተናገረ። ራእዩን አልጻፈም። ይህ ዕቃ፣ በዚህ ቅናሽ፣ እስከዚህ ቀን አለ እንጂ።

ሁለቱም ያደረጉት ደንበኛ የሚጠይቀውን ሳይጠየቁ መመለስ ነው። የእኛ ድርጅት የሚመልሰው ማንም ያልጠየቀውን ነው። ማነህ አላልነውም፤ ስንት ነው አልነው። መቼ ተመሠረትህ አላልነውም፤ እሑድ ትከፍታለህ ወይ አልነው። ራሱን ለማስተዋወቅ የወጣና ዕቃውን ለመሸጥ የወጣ ሰው አንድ አይደሉም። ገጾቻችን የመጀመሪያው ዓይነት ሰዎች ስለሞሉባቸው ነው ሁሉም ሲያወራ አንድም ገበያ የማይታየው።

ነጋዴ ወዳጆቼ፣ ምክር በነጻ ስለሆነ ንቃችሁ አትለፉት። «የሸክላ ጀበና፣ 400 ብር፣ ሽሮ ሜዳ ገበያው መግቢያ፣ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ እሑድ ዝግ።» ይህ ከ140 ፊደል ግማሹን እንኳ አይሞላም። በተረፈው ቦታ፣ ከፈለጋችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ በሉን፤ አንጠላም። የይለፍ ቃሉን ከእኅት ልጅ ላይ ዛሬውኑ ተቀበሉት። ሥራ አስኪያጁን ፎቶ ማንሣት ካልቀረም ከሶፋው ላይ ይቀመጡና ይነሡ፤ ዋጋው ከሥር ይጻፍ። «ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ «ሰላም እኅታችን» አይደለም፤ ቁጥር ነው።