ስለ አዳርና ስለ ሾርት፦ ለአንድ ፔንሲዮን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ስሙ ለክብሩ ሲባል ላልተጠቀሰው ፔንሲዮን፣ እንግዳ መቀበያ ክፍል

ጉዳዩ፦ በገና ዋዜማ ተከፍሎበት ስለተነጠቀ አልጋ

በዓል በደረሰ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ከዘመድ ቤት ሳይርቁ በአቅም የሚከፈልበት አልጋ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሙያው የሚፈተነው መስከረም ላይ ዘመን መለወጫና መስቀል ሲከታተሉ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ሲውል፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ሲመጣ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ፤ ያኔ የሚጨነቁት ግን ኮከብ ያላቸው ሆቴሎች ስለሆኑ እዚህ ቦታ አያሻውም።

ጥንት መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። በገንዘብ መስተናገድ ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በከተማዋ የመጀመሪያውን ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው እንደነበርና ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በመመገብ አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ አልቤርጎው መጣ፣ ከአልቤርጎው ቀጥሎም ፔንሲዮን በየሰፈሩ በቀለ። ዛሬ ማንም ሲከፍል አያፍርም። ሲያስከፍልም እንደዚያው።

ዘመድ እያለ አልጋ የሚፈለግበት ምክንያት ከቤት አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ሆኗል፤ ለብዙዎች የወጣው ዕጣ ግን ስቱዲዮ የሚሉት ነው፦ አንድ ክፍል፣ ጠባብ ኩሽና፣ መታጠቢያ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የአመልካች እኅት ስቱዲዮ በዚያ ገና የባሏን አባት፣ የባሏን እናትና ከወልቂጤ የመጡ ሁለት የባሏን ወንድሞች ይዞ ነበር። የሴቲቱ እናት ከአማቾቿ ጋር በአንድ ክፍል ወለል ላይ ጎን ለጎን አትተኛም። ይህን ለሐበሻ ማብራራት አያስፈልግም። ስለዚህ አመልካች እናቱን ከደሴ ይዞ ሲመጣ ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ፣ ለእኅቱም ቤት ለቤተ ክርስቲያንም በማይርቅ ቦታ አንድ ክፍል ሁለት አልጋ ሊይዝ አሰበ። ክቡር ፔንሲዮን ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

ክቡር ፔንሲዮን እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቻቸው ክፍላቸውን በሁለት መንገድ ያከራያሉ። አንደኛው አዳር ነው። ሁለተኛው ሾርት ይባላል፤ በሰዓት የሚቆጠር፣ ከመነሻው ለጥንዶች የተዘጋጀ ዕረፍት ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ አዳር አንድን ክፍል በቀን አንዴ ያስከፍላል፣ ሾርት ግን በዚያው ክፍል አንሶላ እየተቀየረ (ወይም እየተገለበጠ) ደጋግሞ ያስከፍላል። ስለዚህ ክቡርነታቸው የአዳር እንግዳ የሚቀበሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ክፍሎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብም ሁለት ወንድ በአንድ ክፍል ማደር እንደማይፈቀድ ይገልጻል፤ በዚህም መሠረት የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ለበዓል ቢመጡ ሁለት ክፍል ይከፍላሉ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የተዋወቁ ወንድና ሴት ግን አንድ ይበቃቸዋል።

አመልካችና እናቱ የደረሱት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። እናት ከንጋት ጀምሮ አውቶብስ ላይ ተቀምጠው እግራቸው አብጧል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን በግራ እጃቸው፣ ለሴት ልጃቸው ያነጠሩትን ቅቤ የያዘውን ባለክዳን ባልዲ በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። የእንግዳ መቀበያው ወጣት ከስልኩ ቀና ሳይል በሥርዓቱ ጠየቀ፦

«ሾርት ነው አዳር?»

አመልካች ዝም አለ። ወጣቱ ዝምታውን እንደ ድርድር ወሰደው። «ሾርት ከሆነ አሁኑኑ አለ። አዳር ከ3 ሰዓት በኋላ ነው» አለ። እናት ወደ ልጃቸው ዞረው ሾርት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጅ በጥድፊያ የመጣለትን ተናገረ፦ «አጭር ዕረፍት ማለት ነው፣ እማዬ።»

እናት ተደሰቱ። በገና ዋዜማ አዳሩ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ማኅሌቱ አለ፣ ቅዳሴው አለ፣ ሰው አልጋ ላይ አያድርም። ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንግዲያስ ለምን ታወጣለህ ልጄ፤ እኔና አንተ ሾርቱ ይበቃናል» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ጥንዶች ነበሩ። ሴቲቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ወንዱ ግን ምንም አልሸፈነም፤ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ። እናትም ሰው ደስ ሲለው ደስ ስለሚላቸው አብረው ሳቁ።

አመልካች የአዳሩን ዋጋ ከፈለ። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ የተለጠፈ ሲሆን 800 የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ 1,600 ተብሏል፤ «የበዓል ነው» የሚል ማብራሪያ በቃል ተሰጥቷል። ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለ። በከተማዋ ይህ ማሽን ጤና ሆኖ የተገኘበት ፔንሲዮን ብርቅ ስለሆነ በዚህ ላይ መቆየት አያስፈልግም። በ2007 ዓ.ም. ለሆቴሎች ኮከብ ሲታደል ወደዚህ ኮሪደር ብቅ ያለ መዳቢ አለመኖሩም እንዲሁ ይታለፍ።

ቀጥሎ መታወቂያ ተጠየቀ። የአገሪቱ ስም አወጣጥ እዚህ ላይ ክቡር ፔንሲዮንን አገዛቸው። ሴት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ልጇም በራሱ አባት ስም ይጠራል። የእናትና የልጅ መታወቂያ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚገናኝ አንድ ስም የለም። ወጣቱ ሁለቱን ካርዶች አስተያየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ በመዝገቡም ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ጥንድ» ብሎ ጻፈ። «እናቴ ናት» ተባለ። «ችግር የለውም፣ እኛ አንጠይቅም» አለ። ይህ መልስ ለቅሌት እንደ መሸፈኛ ተፈልስፎ ይሆናል፤ ለእናትና ለልጅ ሲሰጥ ግን ከጥፊ አይተናነስም።

3 ሰዓት ሳይጠበቅ የተሰጣቸው ክፍል ሁለት አልጋ አልነበረውም። አንድ ነበር፤ ቀይ አምፖልና ከአልጋው ትይዩ ግድግዳውን የሞላ መስታወት ነበረው። እናት መስታወቱን በነጠላቸው ሸፈኑት፣ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ጋደም አሉ። አመልካች ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ብዙም አልቆየ፤ በሩ ተደበደበ። «ሰዓት ደርሷል!» የሚል ድምፅ መጣ። አመልካች ለአዳር መክፈሉን ተናገረ። መዝገቡ መጣ። «ጥንድ፣ ሾርት» ይላል። ወጣቱ ያስረዳው በትዕግሥት ነው፦ ደንበኛዋ በራሳቸው አንደበት ሾርት ይበቃናል ብለዋል፣ ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ምስክር ነው፣ የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ የሾርት የበዓል ዋጋ ነው። ደረሰኝ ካለ ይታይ ተባለ። ደረሰኝ የለም። ማሽኑ ታሟል።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እግራቸው አብጧል። ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው ነጠላቸውን ከመስታወት ላይ አውርደው እስኪለብሱ፣ በተከፈተው በር አንሶላ የያዘች ሠራተኛና ከኋላዋ ተራ የደረሳቸው ጥንዶች ቆመው ያዩአቸዋል። ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው? በየትኛው ንግድ ፈቃድ ነው? የሰው እናት እኮ ናት! ልጇ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ እሷ እንደ ሌባ በኮሪደር ትነዳለች፤ ፔንሲዮኑ ግን መዝገብ ይዞ ይሟገታል፣ በአሮጊት የዋህነት ብር ይሠራል።

ክቡር ፔንሲዮን ለዚህ አነጋገር ይቅርታ እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። ፍሬ ነገሩ ይቀጥላል።

እናትና ልጅ በታክሲ ወደ ሰሚት ሄዱ። ከስቱዲዮው በር ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ጎረቤት ባወጣችው ፍራሽ ትንሽ ዐረፉ። እናት የተባረሩበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የሚያውቁት «ክፍሉ ለሌላ ሰው ተይዞ ነበር» ተብሎ ነው። ይህም ሐሰት አይደለም። አማቾቻቸው አጭር ዕረፍታቸው እንዴት እንደነበር ሲጠይቋቸው «ጥሩ ነበር፣ ሾርት ነው የያዝነው» ብለው መልሰዋል፤ የባል ወንድሞችም ሻይ ትን ብሏቸዋል።

በጥድፊያው መሃል የቅቤው ባልዲ ከአልጋው ሥር ቀረ። በበዓሉ ማግስት አመልካች ሄዶ ሲጠይቅ፣ የተረሳ ዕቃ የሚመዘገበው ለአዳር እንግዳ ብቻ እንደሆነ ተነገረው። ከጀርባ ካለው ኩሽና ግን የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ እየመጣ ነበር።

በመሆኑም የሚጠየቀው የሚከተለው ነው። በአዳርና በሾርት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ የበዓሉ ጭማሪ ታስቦበትም ቢሆን፣ ይመለስ። በመዝገቡ ላይ «ጥንድ» የሚለው ተሰርዞ «እናትና ልጅ» ይባል፤ ስርዙ በሥራ አስኪያጁ ይፈረምበት። የቅቤው ባልዲ ሰማያዊ ነው፤ ክዳኑ ላይ በቀይ ክር መስቀል ታስሮበታል። ቅቤው አልቆ ከሆነ በዕለቱ ገበያ ዋጋ ይታሰብ፣ ለዚህም ደረሰኝ ይሰጥ።

ግልባጭ፦ ማሽኑን ለሚጠግነው ክፍል